የመጋዘኑ ምሳ

ጋሽ ሄራሞ ማረፋቸውን የሰማሁት አዲሎ ገበያ ውስጥ ድንች እየመረጥኩ ሳለ ነው። የደወሉልኝ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅ ሲደውሉ ሰላምታው ብቻ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ ሥራዬን፣ የአዲሎን ሙቀት ሳይቀር ጠይቀው ካልጨረሱ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። የዚያን ዕለት ግን «ማርታ፣ ሄራሞ ዐረፈ» ብቻ አሉ። ድንች ሻጯ «ትወስጂዋለሽ ወይስ ትተይዋለሽ?» ብላ ስትቆጣኝ ነው አንዲት ድንች በሁለት እጄ ጨብጬ መቆሜን ያወቅሁት።

በማግስቱ በጠዋት ተነስቼ፣ ዱራሜ ላይ መኪና ቀይሬ ወደ ሆሳዕና ስሄድ፣ መንገዱን ሙሉ የማስበው እኚህን ሰው ነበር። ዘመዴ አይደሉም። አስተማሪዬም አልነበሩም። ወጥ ሠሪ ነበሩ።

ጋሽ ሄራሞ ጡረታ እስኪወጡ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በአንድ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ግራ ክንዳቸው ላይ የፈላ ዘይት ጠባሳ ያለባቸው ሰው ነበሩ። ትከሻቸው ላይ ፎጣ የማይጠፋ ከመሆኑ የተነሳ እሑድ ቅዳሴ ላይ እንኳ እጃቸው ሳያስቡት ትከሻቸውን ሲዳብስ አይቻለሁ። እሳቸው ባደጉበት በሆመቾ ገጠር፣ ወንድ ልጅ ድስት ሲያማስል መታየት ቀላል ነገር አልነበረም። ታላቅ ወንድማቸው፣ ሄራሞ የት ይሠራል ተብለው ሲጠየቁ «ትምህርት ቤት ነው» ብለው ብቻ ያልፉ ነበር አሉ። ጋሽ ሄራሞ ይህን ሲያወሩ ይስቃሉ እንጂ አይከፋቸውም። «አልዋሸም። ትምህርት ቤት ነው» ይላሉ።

አማርኛን የተማሩት እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለተራቡ ተማሪዎች እየጮኹ ነው። ስለዚህ አማርኛቸው ሁሉ ትእዛዝ ነበር። ና። ቁጭ በል። ብላ። ጨምር። በሀዲይኛ ሲያወሩ ቀልደኛና ለስላሳ ሰው ናቸው፤ ወደ አማርኛ ሲሻገሩ ግን የመቶ አለቃ ይመስላሉ።

እኔ ያኔ ሆሳዕና ውስጥ የአንድ ቀበሌ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ባብዛኛው ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ስም እንመዘግባለን፤ ዝርዝሩ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ ደግሞ «አጣርታችሁ ድጋሚ ላኩ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። አንድ ቀን ጋሽ ሄራሞ ቢሮዬ ገቡና ሳይቀመጡ «መጋዘን ስጪኝ» አሉኝ።

«የምን መጋዘን?»

«ከገበያው ጀርባ ያለው። ድሮ የገበሬዎች ማኅበር የነበረው። አሁን አይጥ ብቻ ነው ያለው።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ምሳ።»

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። ከእሳቸው ጋር ለረጅም ዘመን ትምህርት ቤቱን በጥበቃ ያገለገሉ አንድ ጓደኛ ነበሯቸው። እኚህ ጓደኛቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ባለቤታቸው ሞተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጋሽ ሄራሞ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ አልጋ ላይ ያገኟቸዋል፤ ከስተው፣ ጉንጫቸው ገብቶ።

«ቤቱ ውስጥ ዱቄት አለ» አሉኝ ጋሽ ሄራሞ። «ሽንኩርት አለ። ልጁ የላከለት ዘይት አለ፤ አልተከፈተም። ለምን አትበላም ስለው ‹ለማን ብዬ ልሥራው› አለኝ። በሳምንቱ ቀበርነው። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። እኔ ግን ድስቱን አይቼዋለሁ። ሸረሪት አድርቶበታል።»

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት በዓይናቸው ዳሰሱት።

«ዝርዝርሽ ላይ አለ?»

አልነበሩም። ዱቄትና ዘይት ያለው ሰው እኛ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ይህን ስነግራቸው አልተቆጡም። «እንግዲያው መጋዘኑን ስጪኝ» አሉኝ ደግመው።

መጋዘኑን ለማስፈቀድ ስንት ቢሮ እንደተመላለስኩ አሁን ልዘርዝረው አልፈልግም። ብቻ ተፈቀደ። ጋሽ ሄራሞ አይጡን አባረው፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብተው፣ ትምህርት ቤቱ ያረጀ ብሎ የጣለውን ትልቅ ብረት ድስት አስመጥተው በአሸዋና በአመድ እስኪያንጸባርቅ ድረስ ፈተጉት። ጎመን የሚያተርፉ ገበያተኞች፣ ወፍጮ ቤት ያለው አንድ ሰው፣ የሰፈር እናቶች፣ ሁሉም ያለውን ያቀብላል። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ለአርባ ሰው የሚበቃ ነበር። ቆጮ በጎመን፣ አይብ ከዳር፣ ጥርስ ለሌለው ደግሞ የቡላ ገንፎ።

አራት ሰው መጣ። ከአራቱም ሁለቱ የመጡት ምን እንደሆነ ለማየት ነው።

እኔ ሐፍረቱን አውቀው ነበር። እዚህ አገር ልጅ ወልዶ ያሳደገ፣ በሠርግም በለቅሶም ከፊት የሚቀመጥ ሽማግሌ፣ በቀትር ሳህን ይዞ መታየቱን ከረሃብ አብልጦ ይፈራዋል። ጋሽ ሄራሞ የተረፈውን ለገበያ ተሸካሚዎች አብልተው ድስቱን እያጠቡ «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ። «ብሉ ብዬ ጠራኋቸው። ትልቅ ሰው ብላ ተብሎ አይጠራም። ሥራ አለ ተብሎ ነው የሚጠራ።»

ከማግስቱ ጀምሮ በየጠዋቱ በየሰፈሩ መዞር ጀመሩ። ስለ ምሳ አንድ ቃል አይተነፍሱም። አንዱ ቤት ገብተው «ቢላዋዬ ደነዘ፣ የሚስልልኝ አጣሁ» ይላሉ። ሌላው ቤት «ቦሎቄው ጠጠር ሞልቶታል፣ ዓይኔ አያይልኝም» ይላሉ። የእንሰት ቅጠል መርጦ መቁረጥ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ጎመን ማሰር የሚችል ይፈልጋሉ። ሰዎቹ ሊረዷቸው ይመጣሉ፤ ሥራው በምን ተአምር እንደሆነ ሁልጊዜ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል። ድስቱ ሲከፈት ሽታው መጋዘኑን ይሞላዋል። ከሥራ በኋላ አብሮ መብላት ደግሞ ልመና አይደለም። በወር ውስጥ ወንበር አነሰን።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን በቀላሉ የሚመጡ ሰው አልነበሩም። ባለቤታቸው ከጎጃም በሥራ ተመድበው መጥተው በገንዘብ ቢሮ ሲሠሩ ኖረው እዚሁ የተቀበሩ ሹም ነበሩ። ልጅ አልነበራቸውም። በአንዲት ጠባብ የቀበሌ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ነጠላቸው ሁልጊዜ እንደ ወረቀት ነጭ ነው። እሳቸው የሽሮ ቅመም እንደሚያውቁ ጋሽ ሄራሞ ሰምተው ሄዱና ከበሩ ላይ «ነይ፣ ሽሮ ቀምሚ» አሏቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ በሩን ፊታቸው ላይ ዘጉት። ወዲያውም ቢሮዬ መጡ። «ያ ሰውዬ አንቺ አለኝ!» አሉ። «ባሌ እንኳ በሕይወቱ ሰው ፊት አንቺ ብሎኝ አያውቅም።»

ለጋሽ ሄራሞ ስነግራቸው ደነገጡ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ፣ ሽንኩርት እየላጡ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አብረውኝ አጠኑ። ይምጡ። ይቀመጡ። ይብሉ። ይጨምሩ። ተዘጋጅተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ድጋሚ ሄዱ። በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ጠፋባቸውና «ይምጪ!» አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ መጀመሪያ ሊቆጡ ነበር። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያስላቸው ሳቁ። እንደዚያ ከሳቁ ስንት ዓመት እንደሆናቸው እንደማያውቁ ነግረውኛል በኋላ። በማግስቱ ሽሮውን ሊቀምሙ መጡ።

እሳቸው ጾም የሚያጠብቁ ናቸው። ጋሽ ሄራሞ ይህን እንዳወቁ ረቡዕና ዓርብ ድስቱን ሙሉ በሙሉ የጾም አደረጉት፤ ካቶሊኩም ጴንጤውም ያለ አይብ በላ። በዐቢይ ጾም እትዬ ጥሩወርቅ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምሱም። ድርሻቸው ተከድኖ ይቀመጣል። ጋሽ ሄራሞም የራሳቸውን ሳህን ከድነው ከጎናቸው ይቀመጣሉ። «እርስዎ ካቶሊክ ነዎት፣ ለምን አይበሉም?» ብዬ ስጠይቃቸው «ብቻዋን ትብላ?» አሉኝ። ያን ጾም ሁሉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የበሉት።

አሁን ስለ ጋሽ ላምቤቦ ልንገራችሁ። ጋሽ ላምቤቦ የመጋዘኑ ሰው ይሆናሉ ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ሦስቱም ወንዶች ልጆቻቸው ደቡብ አፍሪካ ናቸው። በረንዳው ሴራሚክ የለበሰ፣ በሩ በወርቃማ ቀለም የተቀባ ቪላ ሠርተውላቸዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ሠራተኛዋ ጠዋት መጥታ አብስላ፣ ከድና ትሄዳለች። እሳቸው ምግቡን ለውሻ እንደሚሰጡት የነገረችኝ እሷ ናት። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ ወደ ምሳው እንዲመጡ ብነግራቸው «ለድሃ ከበሰለ ድስት ልብላ?» ብለው ፊታቸውን አዞሩብኝ።

ጋሽ ሄራሞ አንድ ማለዳ በጭልፋ ወጥ ይዘው፣ በሳህን ከድነው፣ ወደዚያ ቪላ ሄዱ። አብሬያቸው ነበርኩ።

«ላምቤቦ፣ ምላሴ ሞቷል» አሏቸው በሀዲይኛ። «ከታመምኩ ወዲህ ጨው አልለይም። ትናንት ሰው ሁሉ ውሃ ጠጥቶ አልረካም። አንተ ደግሞ ጨው ነጋዴ ነበርክ። ቅመስልኝ።»

ጋሽ ላምቤቦ በጥርጣሬ አዩአቸው። ቀመሱ። «ጨው የለውም» አሉ።

«አየህ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ላምቤቦ በየቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከዘራቸውን ይዘው ጨው ሊቀምሱ ይመጣሉ። መጀመሪያ ቆመው ይቀምሱ ነበር። ቀጥሎ አረፍ ብለው። ቀጥሎ፣ «መብሰሉን ለማረጋገጥ» እያሉ፣ አንድ ሳህን። እኔ የጋሽ ሄራሞ ምላስ መሞቱን ለብዙ ወራት አምኜ ኖርኩ። አንድ ቀን ጋሽ ላምቤቦ ጉንፋን ይዟቸው ሲቀሩ፣ ጋሽ ሄራሞ መረቁን መዳፋቸው ጀርባ ላይ ጠብ አድርገው ላስ አደረጉና፣ በሁለት ጣት ቆንጥረው ጨው ጨመሩ፤ ድጋሚ ላስ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሼ!» አልኳቸው። «ምላስዎ...»

«ለላምቤቦ ከነገርሽ ምሳ የለሽም» አሉኝ።

አልነገርኩም። በኋላ ግን ጋሽ ላምቤቦ ራሳቸው «በሁለተኛው ሳምንት አውቄበታለሁ» ብለው አሳቁኝ። «ያን ያህል ዘመን ያበሰለ ሰው ጨው ይረሳል? ግን ምን ልበለው? የምሄድበት ቤት አግኝቻለሁ።»

እንዲህ እየሆነ ሁለት ዓመት ሄደ። በሦስተኛው ዓመት ኑሮ ከበደ። የወፍጮ ቤቱ ሰው ራሱ የሚፈጭ እህል አጣ፤ ዘይት ሰው ለራሱም አልበቃው አለ። የድስቱ ወጥ እየቀጠነ መጣ። እኔ ደብዳቤ የመጻፍ ልምድ አለኝና ለአንድ የእርዳታ ድርጅት ደጋግሜ ጻፍኩ። ከብዙ ወር በኋላ ዱቄትና ዘይት የጫነች ፒክአፕ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከመኪናዋ የወረደው ወጣት ሰው ትሑት ነው። ካሜራና የተጠቀለለ ባነር ይዟል። እያንዳንዱ ተረጂ በባነሩ ፊት ቆሞ፣ ሳህኑን ይዞ፣ ዘይት ሲቀበል ፎቶ መነሳት እንዳለበት አስረዳን። አረጋውያኑ ገና አልተሰበሰቡም ነበር።

ጋሽ ሄራሞ እጃቸውን በፎጣቸው ጠራረጉ። «ሳህን ይዘው?»

«የኔ ፍላጎት አይደለም ጋሼ። ለሪፖርት ነው።»

«መኪናህን አዙር።»

«ጋሽ ሄራሞ!» አልኩ እኔ።

«አዙር አልኩህ።»

ሰውዬው እኔን አየኝ። ፒክአፗ ከነዱቄቱ ተመለሰች። እንደዚያ ዕለት ተናድጄባቸው አላውቅም። «ማንን ጠይቀው ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ነገ ምን ሊያበሉ ነው?» እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ምድጃው ላይ እንጨት እየጨመሩ «የሽማግሌዎቹን ፊት አውቀዋለሁ» አሉ። ቢሮዬ ገብቼ አለቀስኩ።

በማግስቱ ምሳው ጎመን ብቻ ነበር፤ እሱም ውሃ የበዛበት። እትዬ ጥሩወርቅ ሳህናቸውን አይተው «ሄራሞ፣ ቆጮው የታለ?» አሉ። ጋሽ ሄራሞ ጎመን ማውጣታቸውን ቀጠሉ። ያኔ እኔ መታገስ አቃተኝና ሁሉንም እዚያው በሰው ፊት ተናገርኩ። መኪናውን፣ ዱቄቱን፣ ካሜራውን።

እትዬ ጥሩወርቅ ብድግ አሉ። ጋሽ ሄራሞን ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የሚሏቸው። ያን ቀን ግን እንዲህ አሉ፤

«አንተ ማነህ ስለ ፊቴ የምትወስነው? ጠይቀኸኛል? እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። ነገ ብሞት ለቅሶዬ ላይ የሚቀመጥ ፎቶ የለኝም። ምናልባት መነሳት እፈልግ ይሆናላ!»

«ልጆቼም ፎቶ ላክልን እያሉ ነው የሚጨቀጭቁኝ» አሉ ጋሽ ላምቤቦ ከወዲያ። «ማን ያነሳኛል? ውሻው?»

ከበሩ አጠገብ የሚቀመጡት ቢላዋ የሚስሉት ሽማግሌ ግን «እኔ ሳህን ይዤ አልነሳም» አሉ። «ሄራሞ ልክ ነው። ልጄ ቢያየኝ ምን ይላል?»

«እንግዲያው ያለ ሳህን!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ ዞር ብለው። «ማን ሳህን ይያዙ አለዎት? ልብሳችንን ለብሰን፣ እንደ ሰው ቆመን። የድርጅቱ ሰዎች ይኼን ካልፈለጉ ያኔ መኪናውን እኔ ራሴ አዞረዋለሁ።»

ክርክሩ ረጅም ነበር፤ በሁለት ቋንቋ፣ አንዳንዴም በሦስት። በመጨረሻ በእትዬ ጥሩወርቅ ሐሳብ ተስማሙ። ጋሽ ሄራሞ ይህን ሁሉ ምድጃው አጠገብ ቆመው ይሰሙ ነበር። ሲያበቃ ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጣጠፉት። ያለ ፎጣ ሳያቸው አንሰው ታዩኝ።

«አጥፍቻለሁ» አሉ። «ዕድሜዬን ለልጆች አበሰልኩ። ልጅ ምን ይሁንልህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ይሰጠዋል። እናንተ ልጆች አይደላችሁም። አጥፍቻለሁ።»

እትዬ ጥሩወርቅ «በቃ፣ ጎመኑ ይቀዘቅዛል» ብለው ተቀመጡ።

ለድርጅቱ ሰው ደወልኩ። አለቆቹን መጠየቅ እንዳለበት ነገረኝ። መልሱ እስኪመጣ ያሉት ቀናት ረጅም ነበሩ። ግን እነዚያ ቀናት ናቸው መጋዘኑን የአረጋውያኑ ያደረጉት። ማንም ሳይጠራቸው፣ እያንዳንዳቸው በነጠላቸው ጫፍ፣ በኪሳቸው፣ በፌስታል አንዳንድ ነገር ይዘው መጡ። እፍኝ ቦሎቄ፣ ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ከጓሮ የተነቀለ ድንች። ጋሽ ላምቤቦ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ዱቄት አሸክመው መጡና «ለናንተ አይደለም» አሉ፤ «ጨው ብቻ መቅመስ ሰልችቶኝ ነው።»

በሳምንቱ ሰውዬው ደወለ። ባነሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ ሰዎቹ ግን እንደፈለጉ ይቁሙ ተብሏል አለኝ።

ፎቶው የተነሳበትን ቀን አልረሳውም። ሁሉም ታጥበው፣ ተላጭተው፣ ተቀባብተው መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ የባለቤታቸውን የእጅ ሰዓት አሰሩ። ጋሽ ላምቤቦ በሰውነታቸው ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን ኮት ቢለብሱት አልቆለፍ አላቸው፤ ሰው ሁሉ ሆዳቸውን እየነካ ሳቀ። ወጣቱ ሰው እያንዳንዳቸውን ስማቸውንና በዘመናቸው ምን ይሠሩ እንደነበር እየጠየቀ ሲጽፍ፣ ለሪፖርቱ አንድ አንድ መስመር ብቻ ነበር የፈለገው። ግን እነሱ የሚያቆሙ አልነበሩም። አንዷ የልምድ አዋላጅነቷን ስትነግረው፣ አንዱ የፎንቆን መንገድ ሲጠርግ የተሰበረ እግሩን ሲያሳየው፣ ጊዜው ሄደ። ካሜራውን አስቀምጦ በልቶ፣ ደግሞ ተጨምሮለት፣ ወደ ማታ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ራሱ ሳይታዘዝ ይመጣ ነበር።

እኔ ወደ አዲሎ የተዛወርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ክረምት ጋሽ ሄራሞ ሆዳቸውን ታመው ሆስፒታል መተኛታቸውን ሰምቼ ሄድኩ። ደረታቸው ጠብቦ፣ እጃቸው ቀጥኖ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው አጥሚት በማንኪያ ይሰጧቸዋል። ጋሽ ሄራሞ መመገብ አይሆንላቸውም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ያበሉ ሰው አፋቸውን መክፈት አፍረው ፊታቸውን ያዞራሉ።

«ብላ!» አሏቸው እትዬ ጥሩወርቅ።

በሉ።

ትንሽ ሲያርፉ ወደ እኔ ዞረው «አዲሎ ሽማግሌ የለም?» አሉኝ።

«አለ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

ወደ አዲሎ ስመለስ ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። ከጎረቤቶቼ ጋር ተማክረን በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንዲት መበለት ግቢ ውስጥ ጀመርን። ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰው መጣ። የዚያኑ ዕለት ለጋሽ ሄራሞ ደወልኩና በኩራት ነገርኳቸው። ስንት ሰው እንደበላ፣ ምን እንደበላ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር።

«ጎመኑን ማን ከተፈው?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ደክሟል።

«እኔና ጎረቤቴ።»

«ተሳስተሻል» አሉኝ። «እነሱ ይክተፉ።» ስልኩ ላይ ሲስቁ ሰማኋቸው። ድምፃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

ቀብሩ ላይ የነበረውን ሕዝብ ብዛት መናገር አልችልም። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ያሳደጋቸው፣ አሁን ፀጉራቸው የሸበተ መምህራንና ሐኪሞች ከየከተማው መጥተው ነበር። ታላቅ ወንድማቸው በሰው ተደግፈው መጥተው፣ በቀብሩ ላይ ቆመው፣ ጮክ ብለው በሀዲይኛ «ወንድሜ ወጥ ሠሪ ነበር!» አሉ። ያን ሲሰሙ ነው ብዙዎቹ ያለቀሱት። እኔም እንዲሁ።

በማግስቱ ወደ አዲሎ ከመመለሴ በፊት በአራት ሰዓት መጋዘኑ ጋ ብቅ አልኩ። ተዘግቶ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ጭሱን ከሩቅ አየሁት። ቢላዋ የሚስሉት ሽማግሌ በሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ይስላሉ። ጋሽ ላምቤቦ የድስቱን ክዳን ከፍተው መረቁን እያዩ ጋሽ ሄራሞ ከታመሙ ወዲህ ድስቱን ከተረከበችው ወጥ ሠሪ ጋር ይከራከራሉ፤ እሷ በጭልፋ ታባርራቸዋለች። እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ ቦሎቄ ይለቅማሉ። «ቁጭ በዪ» አሉኝና አንድ ሰፌድ ጭኔ ላይ አኖሩ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ቦሎቄውን ለቀምን።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ አንድ የማላውቃቸው አዛውንት ቆሙ። ኮታቸው በአንድ በኩል ተቀዷል፤ በትራቸው መሬቱን እየዳሰሰ ነው። አንድ ሰው ስለ መጋዘኑ ነግሯቸው መምጣታቸው ያስታውቃል። መግባትም መመለስም አቅቷቸው ቆመዋል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ አየኋቸው። ልነሳ ስል እትዬ ጥሩወርቅ ክንዴን ያዙኝ።

«ጌታዬ!» ብለው ተጣሩ ከተቀመጡበት። «ቦሎቄ መልቀም ይችላሉ?»

«ዓይኔ አያይም» አሉ አዛውንቱ በሐፍረት።

እትዬ ጥሩወርቅ ሰፌዳቸውን አስቀመጡ።

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከፎንቆ ወዲያ።»

«እሰይ! የኛ ወሬ አልቋል» አሏቸው፣ ወንበር እየሳቡ። «እኛ እንለቅማለን፤ እርስዎ ይግቡና ያውሩልን።»

አዛውንቱ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ገቡ።